ማመስገንና ማበረታታት አንድ ናቸውን?



በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች ሁሉ፣ ቀን በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በሆስፒታል ወይም በሱቅ ሲደክሙ ውለው፣ ማታ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው ሥዕል የሚሥሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ከመካከላቸው በሥዕል ትምህርት ቤት ያለፉት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ማንም ሳያስተምራቸውና ማንም ሳያዝዛቸው፣ ውስጣቸው አላስቀምጥ ስላላቸው ብቻ ብሩሽ ያነሡ ናቸው። ሥራቸውን ለሰው ሲያሳዩ ዘወትር ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰማሉ። አንደኛው «በጣም ግሩም ነው» የሚል ሲሆን፣ ተናጋሪው ይህን ብሎ ወዲያው ወሬውን ወደ ሌላ ጉዳይ ያዞራል። ሁለተኛው «ይህ ደግሞ ምን ይበጃል? በዚህ ጊዜ ትርፍ ሰዓት ብትሠራበት አይሻልህም?» የሚል ነው። ሁለቱ መልሶች እጅግ የተራራቁ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም መልስ ሰጪዎች ሥዕሉን በሚገባ አላዩትም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንድ ሰው ገና ያልበሰለ ሥራውን ይዞ በፊታችን ሲቆም ምን ዕዳ አለብን? ምስጋና ነውን? እውነት ነውን? ወይስ ዝምታ? በተለይም ያ ሰው በዚያው ሙያ ውስጥ ቀድሞን ወይም ተከትሎን የሚደክም ባልንጀራችን ሲሆን፣ ዕዳው ይከብዳል ወይስ ይቀላል?

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። እንጀራው ባልሆነ ሙያ የሚደክመውን ሰው በተለምዶ «አማተር» እንለዋለን። ቃሉን ብዙ ጊዜ ለንቀት እንጠቀምበታለን፤ «የአማተር ሥራ ነው» ስንል ጎደሎ ነው ማለታችን ነው። ሆኖም ቃሉ ከላቲን የወጣ ሲሆን፣ የጥንት ትርጉሙ «የሚያፈቅር» ማለት ነው። ይህም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ ያስጌጡትና የብራና መጻሕፍትን በሐረግና በሥዕል ያከበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ካህናትና ደብተሮች ነበሩ። ከሥዕሉ ጎን ማሕሌቱም፣ ቅዳሴውም፣ ማስተማሩም፣ እርሻውም ነበረባቸው። ስለዚህ ከሌላ ሥራ በተረፈ ሰዓት መሣል ለሥራው ማነስ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ጥያቄውን በባዶ ቃል እንዳንመረምረው የአንድ ሰው ታሪክ እናንሣ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ሄንሪ ሩሶ ይባላል። በ1844 በፈረንሳይ አገር ላቫል በምትባል ከተማ የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ከ1871 ጀምሮ በፓሪስ ከተማ መግቢያ በር ላይ ቀረጥ በሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ወደ ከተማው በሚገባው ሸቀጥ ላይ የሚከፈለውን ግብር ይቆጣጠር ነበር። በሥዕል ትምህርት ቤት አልተማረም። ከሥራ በተረፈው ሰዓትና በእሑድ ቀን ይሥል ነበር። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በዚህ ሁኔታ ከቆየ በኋላ፣ በ1893 በ49 ዓመቱ በትንሽ ጡረታ ሥራውን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ። ጡረታው ስላልበቃው ሥዕልና ቫዮሊን እያስተማረ ኑሮውን ይደጉም ነበር። ሁለት ሚስቶቹንና ከልጆቹ አብዛኞቹን በሞት አጥቷል።

ሩሶ ሥራውን ለሕዝብ ሊያሳይ የቻለው አንድ የተከፈተ በር ስላገኘ ነው። በዚያ ዘመን በፓሪስ ታላቁ ዓመታዊ የሥዕል ትርኢት በዳኞች የተጠበቀ ነበር፤ ዳኞቹ ያልወደዱት ሥራ አይሰቀልም። በ1884 እነ ዦርዥ ሱራና ፖል ሲኛክ የሚገኙባቸው ሠዓልያን ተባብረው ያለ ዳኛና ያለ ሽልማት ማንም ሥራውን የሚያቀርብበት የነጻ ሠዓልያን ማኅበር አቋቋሙ። ሩሶ ከ1886 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል በዚያ ትርኢት ላይ ሥዕሎቹን ሰቀለ። ማኅበሩን የመሠረቱት ሰዎች እርሱን አያውቁትም ነበር። ቢሆንም ሩሶ ካገኛቸው ማበረታቻዎች ሁሉ የመጀመሪያው እነርሱ ለማያውቁት ሰው ያዘጋጁት ባዶ ግድግዳ ነው።

የሰቀላቸው ሥዕሎች ግን ሣቅ አተረፉለት። ተመልካቾች በፊታቸው ቆመው ይሣለቁ ነበር፤ ጋዜጦችም ቀለዱበት። በ1891 በዝናብና በመብረቅ መካከል በጫካ ውስጥ የሚያደባ ታይገር ሥሎ ሲያቀርብ ግን አንድ ሰው ከሌሎቹ የተለየ ነገር አደረገ። ይህም ገና ሃያ አምስት ዓመት የሆነው የስዊስ ተወላጅ ሠዓሊ ፌሊክስ ቫሎቶን ነው። ቫሎቶን በአገሩ ጋዜጣ ላይ ስለዚያ ሥዕል በአክብሮት ጻፈ። ራሱ ገና ስሙን ያልተከለ ወጣት በመሆኑ፣ ዓለም የሚሥቅበትን ሰው ማመስገን መሣለቂያ ሊያደርገው ይችል ነበር። ያ ሥዕል ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ይገኛል።

በ1897 ሩሶ አንዲት ጂፕሲ ሴት በበረሃ በጨረቃ ብርሃን ተኝታ አንበሳ ሲያሸታት የሚያሳይ ሥዕል ሠራ። በማግሥቱ ዓመት ለትውልድ ከተማው ለላቫል ከንቲባ ደብዳቤ ጽፎ፣ ከተማይቱ ሥዕሉን እንድትገዛውና ለልጇ መታሰቢያ እንድታደርገው ጠየቀ፤ ሳትቀበለው ቀረች። ከ1939 ወዲህ ሥዕሉ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲሆን፣ በየቀኑ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው በፊቱ ይቆማል።

ሩሶ እንከን የሌለበት ሰው እንዳልነበረ አብሮ መናገር ይገባል። በአንድ የባንክ ማጭበርበር ጉዳይ ተከሶ በ1909 ተፈርዶበታል፤ ቅጣቱ ግን ታገደለት። ጠበቃው የደንበኛውን የዋህነት ለማስረዳት ከሥዕሎቹ አንዱን በችሎት አሳየ ይባላል። የሰውየው ሥራ ለየዋህነቱ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ከደከመ በኋላ እንኳ ዓለም እንዴት ያየው እንደ ነበር ይገልጣል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እምብርት የሚያደርሰንን ታሪክ እንናገር። በ1908 ወጣቱ ፓብሎ ፒካሶ በፓሪስ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሩሶ የሣለውን የሴት ምስል አግኝቶ በአምስት ፍራንክ ገዛ። ሻጩ ሸራውን ለሌላ ሥዕል እንዲገለገልበት መክሮት ነበር። ፒካሶ ግን ሥዕሉን ይዞ ሄደ፤ በዚያው ዓመትም በሞንማርትር ኮረብታ በሚገኘው የሥራ ክፍሉ ለሽማግሌው ሠዓሊ ክብር ግብዣ አደረገ። ገጣሚው አፖሊኔር፣ ሠዓሊዎቹ ብራክና ማሪ ሎራንሳን፣ ደራሲዋ ገርትሩድ ስታይንና ሌሎችም ተገኙ። ሩሶን ከፍ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ግጥም ተነበበለት፤ እርሱም ቫዮሊኑን ተጫወተላቸው። ከላዩ ከተሰቀለው ፋኖስ ሰም በራሱ ላይ ይንጠባጠብ እንደ ነበርና እርሱ ግን በደስታ ተቀምጦ እንደ ቆየ በቦታው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል።

ያ ግብዣ ክብር ነበር ወይስ ቀልድ? ተጋባዦቹ ራሳቸው ከዓመታት በኋላ በዚህ አልተስማሙም። ለእኛም ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንድን የዋህ ሽማግሌ በዙፋን አስቀምጦ በልብ መሣቅ፣ በግልጥ ከመስደብ የባሰ ኃጢአት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ አክብሮትና ሣቅ አብረው መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ታላቅ ወንድሙን እየቀለደበት የሚያከብረው ታናሽ በየቤታችን አለ። ታዲያ በምን እንፍረድ?

እኛ የምንፈርደው ከግብዣው በኋላ በሆነው ነገር ነው። ፒካሶ ያን በአምስት ፍራንክ የገዛውን ሥዕል በ1973 እስኪሞት ድረስ ከእጁ አላወጣውም። በዚያ ዘመን በፓሪስ ይማር የነበረ፣ በልጅነቱ ከቢያሊስቶክ ተሰዶ በኒው ዮርክ ያደገ ማክስ ዌበር የተባለ ሠዓሊም የሩሶ ወዳጅ ሆነ። ዌበር ወደ አሜሪካ ሲመለስ የሽማግሌውን ሥዕሎች ይዞ ሄደ፤ በ1910 ሩሶ ባረፈ በጥቂት ወራት ውስጥም በኒው ዮርክ ትርኢት አዘጋጀለት። በአሜሪካ ምድር የሩሶ ሥራ ለሕዝብ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሩሶ መስከረም 2 ቀን 1910 በሆስፒታል ሲሞት ቀብሩ ላይ የተገኙት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የተቀበረውም በድሆች መቃብር ነው። በኋላ ግን ሠዓሊው ሮበርት ደሎኔና ሌሎች ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው የራሱ መቃብር ሰጡት። አፖሊኔር ለመቃብሩ ድንጋይ ግጥም ጻፈ፤ ቀራፂው ብራንኩሺም ከአንድ ባልደረባው ጋር በድንጋዩ ላይ ቀረጸው።

ከዚህ ታሪክ አንድ መለኪያ እናገኛለን። ምስጋና ለሚሰጠው ሰው በነጻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ማበረታታት ግን ከሰጪው ላይ አንድ ነገር ይጎድላል። የነጻ ሠዓልያን ማኅበር ግድግዳውን ሰጠ። ቫሎቶን ገና ያልጸና ስሙን ሰጠ። ዌበር በጉዞው ሸክሙን፣ በአገሩም ድካሙን ሰጠ። ደሎኔና ጓደኞቹ ገንዘባቸውን አዋጡ። «ግሩም ነው» ብሎ የሄደው ሰው ግን ምንም አልጎደለበትም፤ ስለዚህም ተቀባዩ ምንም አልደረሰውም።

ስለ ቪንሰንት ቫን ጎህም እንዲሁ እናስታውስ። ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው በ27 ዓመቱ ዘግይቶ ነው፤ ከዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ሠርቶ በ1890 ሞተ። በሕይወቱ ከተሸጡለት እጅግ ጥቂት ሥዕሎች አንዱ «ቀዩ የወይን አትክልት» የተባለው ሲሆን፣ በዚያው በ1890 ብራስልስ ላይ በ400 ፍራንክ የገዛችው አና ቦክ ራሷ ሠዓሊ ነበረች። የዘመኑ ገበያ ያላየውን በዚያው ትግል ውስጥ የምትደክም ሴት አየችው። እጅ የት ላይ እንደሚከብድ፣ ቀለም የት ላይ እንደሚከዳ የሚያውቀው ራሱ የሞከረ ነውና፣ የባልደረባ ዐይን ሌላው የማያየውን ያያል። ዕዳውም በባልደረባ ላይ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው። ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ ማለፍ አይገባውም።

እዚህ ላይ ቅንዓትን ማንሣት ግድ ይሆናል። ገዢው ጥቂት፣ አዳራሹ አንድ በሆነበት በስደት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ የአንዱ መውጣት የሌላው መውረድ ሆኖ ይታያል። ከዚህም የተነሣ ባለሙያው የባልደረባውን ሥራ አይቶ ዝም ይላል። ዝምታው ሐሰት የለበትም፤ ሆኖም የሚያውቀውን ደብቆ ይይዛል። በመሬት ውስጥ የተቀበረው መክሊት የራሳችን ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። የሌላውን ተሰጥኦ ለመለየት የተሰጠን ዐይንም እንዲሁ ሊቀበር ይችላል።

አንዳንዱ ወንድም እንዲህ ብሎ ሊጠይቀን ይችላል፦ «ታዲያ መጥፎውን ጥሩ ነው እንበልን? ይህስ ውሸት አይደለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በአገራችን በቅኔ ቤት ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤው ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ቃላትን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። መምህሩም በጥሞና ያዳምጣሉ። ቤቱ ካልገጠመ አልገጠመም ይላሉ፤ ምሥጢሩ ከጎደለ የጎደለበትን ስፍራ ያሳያሉ፤ ያቃናሉ። ይሁን እንጂ ተማሪውን ከመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አያሸክሙትም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና አስጀምረው፣ ወደ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት አሻግረው፣ ደረጃ በደረጃ ያወጡታል። ቀደም ያሉት ተማሪዎችም ከመምህሩ በታች ሆነው ጀማሪውን ያግዛሉ። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ሽንገላ የለም፤ ጭካኔም የለም። መምህሩ «ተሳስተሃል» ሲሉ፣ «ነገ ተመልሰህ ና» ማለታቸው ጭምር ነው። ተማሪውም ስሕተቱ የተነገረው እንዲመለስ ተፈልጎ መሆኑን ያውቃል።

እንግዲህ ማበረታታት ከእውነት ጋር አይጣላም። የውሸት ምስጋና ግን ከጀማሪው አንድ ነገር ይሰርቃል፤ ይኸውም ድካሙን ወዴት ማዞር እንዳለበት የሚያመለክተውን ምልክት ነው። ፊቱ በሚገባ ተሥሎ እጁ ግን የእንጨት የመሰለ ምስል ያቀረበችውን እኅት «ሁሉም ድንቅ ነው» ብንላት፣ እጁን ዳግመኛ ለመሣል የነበራትን ምክንያት ወሰድንባት ማለት ነው። «ፊቱ ላይ ያለው ኀዘን ደረሰን፤ እጁ ግን ገና ነው» ብንላት በሁለቱም በኩል እውነት ተናግረናል፤ ለቀጣዩ ሌሊትም ሥራ ሰጥተናታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። «ተሰጥኦ የሌለውን ሰው ማበረታታት ዕድሜውን ማባከን አይሆንምን?» የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ፣ ስለ ሌላው ሰው ተሰጥኦ የምናውቀው እኛ ከምናስበው ያነሰ መሆኑን እንመን። በሩሶ የሣቁት ሁሉ እርግጠኞች ነበሩ። ስለ ሰውየው የወደፊት ዕድል መፍረድ አልተሰጠንም፤ ስለ ቀረበልን አንድ ሥራ መናገር ግን ይቻለናል። ቀጥሎም፣ ሁሉም ሠዓሊ በሙዚየም ሊሰቀል አይገባውም። የእናቱን ጀበና በሦስት ሌሊት አስተውሎ የሣለ ሰው፣ ሥዕሉ ባይሸጥም ያን ጀበና ሃያ ዓመት ቡና ከጠጣበት ሰው ይልቅ አውቆታል። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ በእጁ ጨብጦ ማቆየቱ ከንቱ ድካም አይባልም።

በዚህ ላይ ወሰን አለው። ሰውን ማበረታታት ማለት «ሥራህን ጥለህ ቤተ ሰብህን አስርበህ ሣል» ማለት አይደለም። ሩሶ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል በቀረጥ በር ላይ ቆሟል። የልጆቹን ወተትና የአባቱን መድኃኒት የሚጠብቅ ቤት ያለበትን ሰው ከግዴታው የሚያስኮበልል ምክር፣ ሰጪው ምንም የማይከፍልበት ምክር ነውና በመለኪያችን ይወድቃል።

ለጀማሪውም የምንለው አለን። ማበረታቻ እንደ ዝናም ነው፤ ሲመጣ ያለመልማል፤ ቀጠሮ ግን የለውም። ሩሶ ከ1886 እስከዚያ ግብዣ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ በአብዛኛው በሣቅ መካከል ሠርቷል። ምስጋና ካልመጣ ብሩሽ አላነሣም የሚል ሰው ሥራውን በሰው አፍ ላይ አንጠልጥሎታል። ስለዚህ ጀማሪው ሁሉንም ከማድመጥ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ባልንጀሮች ይፈልግ፤ እርሱም በተራው የእነርሱን ሥራ በትዕግሥት ይይ። የሌላውን ሥራ ረጅም ጊዜ አይቶ አንድ እውነተኛ ቃል ለመናገር የለመደ ሰው፣ የገዛ ሥራውንም ማየት ይለምዳል።

ከእኛ መካከልም በዚህ መንገድ ያለፉ አሉ። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣቶችን ካስተማሩ በኋላ ተሰደው በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት አረፉ። እስክንድር ቦጎስያን ደግሞ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረው በ2003 በዚያው ከተማ አረፉ። ሁለቱም ለራሳቸው ሥራ ሊያውሉት ይችሉት የነበረውን ሰዓት ከፍለው በጀማሪዎች ሥራ ፊት ቆመዋል። ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ከሥዕሎቻቸው ጋር ደቀ መዛሙርቶቻቸውም አብረው የሚነሡት ስለዚህ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ትላልቅ ነገሮችን አንመኝ። በየአጥቢያችን ከበዓል በኋላ የምንሰበሰብበት አዳራሽ አለ፤ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል፣ ያለ ዳኛና ያለ ሽልማት፣ ትንሽም ትልቅም ሥራውን የሚሰቅልበት ስፍራ ብናደርገውስ? ከሥዕሎቹ አንዱን በአቅማችን ገዝተን በሳሎናችን ብንሰቅልስ? በሙያው የበሰሉት ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጠው፣ የእያንዳንዱን ሥራ በዝምታ ለጥቂት ደቂቃ ተመልክተው፣ የደረሰውንና ያልደረሰውን ለይተው ቢነግሩአቸውስ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ ለአንድ ሠዓሊ የከበደው ነገር ለብዙዎች የሚቀል ነው።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ በመጪው በዓል አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ ሲመጡ፣ ለማመስገንም ለመንቀፍም አንቸኩል። ወረቀቱን በብርሃን ፊት ዘርግተን እንየው፤ ምን ለማድረግ እንደ ሞከሩ እንጠይቃቸው፤ ከዚያም ያየነውን እንንገራቸው። ለዚህ የሚያስፈልገን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። እነርሱ ለዚያች አንድ ወረቀት ስንት ሌሊት እንደ ከፈሉ ስናስብ፣ ሩብ ሰዓቱ ብዙ አይሆንብንም።